የታች ጥርሶቼና የሞምባሳ ባሕር

ኅዳር 11፣ ሐሙስ፣ ጁባ

ታኅሣሥ ላይ ሞምባሳ እሄዳለሁ። ሪዞርት ገብቼ አሸዋ ላይ ልጋደም አይደለም፤ ባሕሩ ውስጥ ጠልቄ ዓሣውን በዓይኔ ሳላይ አልመለስም።

አብሮኝ ሊጠልቅ ቃል የገባው ጀማል፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው ወዳጄ፣ ዛሬ ከናይሮቢ ያስመጣውን የመተንፈሻ ቱቦ ለልምምድ ሰጠኝ። "ጫፉን አፍህ ውስጥ አስገባና በጥርስህ ንከስ" አለኝ። ከዚያ አፌን አየና ራሱን ነቀነቀ።

እንደ ብዙ የኑዌር ልጅ የታች የፊት ጥርሶቼን ጋምቤላ እያለን በልጅነቴ አውልቀውልኛል። እስከ ዛሬ ጎድለውብኝ አያውቁም።

"ማለሽ፣ ምንም አይደል፤ አንተ ጀልባው ላይ ትጠብቀኛለህ" አለ ጀማል።

ምን ሲደረግ!

ቤት እንደገባሁ ጓሮ ያለው የውሃ በርሜል ውስጥ ፊቴን ዘፈቅኩ። ቱቦው ከአፌ ሾለከ፤ ውሃ ጠጣሁ። እማዬ ሳቀች። "ጥርስህን ያስወለቅነው ሰው እንድትሆን ነው፤ ዓሣ ሁን መች አልንህ?" አለችኝ። ደገምኩ፤ አሁንም ሾለከ። ቀጥሎ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌ በመንጋጋዬ ግጥም አድርጌ ነከስኩት። ያዘ! ውሃው ውስጥ ሆኜ እንደ ልቤ ተነፈስኩ።

እንደ ጎነበስኩ ስቆይ የእማዬ ሳቅ ጠፋ። ለካ ቀበቶዬን ከኋላ ጨብጣ ይዛኛለች። ቀና ስልም አልለቀቀችኝም።

"ባሕሩ ውስጥስ ማን ይይዝሃል?" አለች።

ነገ ግን ቲኬቴን እቆርጣለሁ። ይህን ስጽፍ ቀበቶዬን ፈትቻለሁ፤ እጇ ግን አሁንም ወገቤ ላይ ነው።