እርግዝና ያሉት ዕጢ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬም ጥቁር ቀሚስ። ሐዘን ላይ ያለሁ ነው የሚመስለው... ሌላ ቀለም መልበስ ፈርቻለሁ።

ስፌት ቤት ስገባ መቀስ ከማሽኗ ቀና ብላ ሆዴን አየች። (መቀስ ያልናት ለምላሷ ነው።) "አንቺ! ይሄ ነገር እየገፋ ነው እኮ። ነይ፣ የሥራ ጋውንሽን ጎን ፈትቼ ላስፋልሽ!" አንዷ እልል አለች። ሁሉም ሳቁ። ምን ልበል? የወር አበባዬ መጥቶ አልሄድ ብሎኛል ልበል? እርጉዝ ሰው እንዲህ ይደማል እንዴ?

አማቴም ሰምተው ደወሉ። "ልጄ፣ ዕቃ እንዳታነሺ!" ለሰፈሩ ሁሉ አውርተዋል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ጨርቅ ስቆርጥ ዞረብኝ። ጠረጴዛውን ይዤ ቀረሁ። መቀስ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

አልትራሳውንድ። ዶክተሯ ስክሪኑን ደጋግማ አየች። "ልጅ አይደለም። የማህፀን ዕጢ ነው፣ ማዮማ እንለዋለን። ካንሰር አይደለም፣ ብዙ ሴት ላይ አለ። ያንቺ ግን ትልቅ ነው። ደምሽም በጣም ወርዷል።"

መቀስ ኮሪደሩ ላይ ታለቅሳለች። "ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ!"

ለአማቴ ደውዬ ነገርኳቸው። ስልኩን ዘጉት።

ማክሰኞ፣ ህዳር 3
የሰጡኝ ክኒን ደሙን ቀነስ አደረገው እንጂ አላቆመውም። ቀዶ ጥገና ነው።

"መውለድ ስለምትፈልጊ ዕጢውን ብቻ ለይተን እናወጣለን" አለች ዶክተሯ። "ደሙ አልቆም ካለ ግን አንቺን ለማትረፍ ማህፀኑን ማውጣት ሊኖርብን ይችላል። ትፈቅጃለሽ?"

ባሌ ቀደመኝ። "ማህፀኗ አይነካም።" እኔን እንኳ ሳያይ!

"ይቅርታ፣ የጠየቅኩት እሷን ነው።"

ልጅ እፈልጋለሁ... እንደ እብድ እፈልጋለሁ። መኖርም እፈልጋለሁ። "ነገ ልንገርሽ" ብዬ ወጣሁ። ፈሪ።

ረቡዕ፣ ህዳር 4
ባሌ ጫማውን እያሰረ፣ "ከፈረምሽ እኔና አንቺ ምን ቀረን?" አለ። ሰው እንዲህ ይባላል? ቁርሴን ትቼ ተነሳሁ።

ብቻዬን ሄጄ ፈረምኩ።

እሑድ፣ ህዳር 15
ደም ሰጡኝ። ቀዶ ጥገናው ነገ ጠዋት ነው። ባዶ ሆኜ ብነቃስ? ጭራሽ ባልነቃስ? ፈራሁ። በቃ ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ህዳር 19
አለሁ። ማህፀኔም አለ! ቁስሉ ስስቅ ያመኛል፣ ግን ሳቅሁ።

ለጥቂት ነው የተረፍሽው አሉኝ። ብዙ ደም ፈሷል። መቀስ ውጭ ስትጠብቅ ያየችውን ዛሬ አወጣችው። ዶክተሯ በሩን ስትከፍት ባሌ ተንደርድሮ፣ "ማህፀኗ ተረፈ?" አላት። አማቴም መጥተው ኖሯል፣ ገፍተውት አለፉ። "ልጄ ነቃች ወይ?" አሉ።

ኋላ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ ያን ቀን ስልኩን የዘጉት ለቅሶ ቢቀድማቸው ነው። ተቆጡ ብዬ ስንቱን አሰብኩ... የባሌን ነገር መቀስ ባትነግረኝ ይሻል ነበር? አይ፣ እንኳን ነገረችኝ።

ቅዳሜ፣ ህዳር 21
ወጣሁ። ባሌ ፊቱ በርቶ የሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆሟል። "ቶሎ አገግሚና እንሞክራለን!"

አማቴ ቦርሳዬን ከእጁ ተቀበሉት። "እኔ ቤት ነው የምትታረሰው።"

"እማዬ፣ ዕጢ እኮ ነው የወጣላት! ደግሞስ ሚስቴ አይደለችም?"

"ሚስትህ መሆኗ ዛሬ ትዝ አለህ?" ወደኔ ዞሩ። "አንቺስ፣ የት ይሻልሻል ልጄ?"

ተያየን፣ እኔና እሱ። ዓይኑን ቶሎ ሰበረ።

"እርስዎ ጋ" አልኩ።

ታክሲ አስቆሙ። ልጃቸውን በሩ ላይ ትተው እኔን ይዘው ሄዱ።