እንግዳ መጥቷል

ዳባት፣ መጋቢት ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

እንደ እናት አዝለሽ ላሳደግሽኝ፣ ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? ያ ጎንሽን የሚወጋሽ ነገር በዚህ ብርድ አልተነሳብሽም? ባለቤትሽ አይቸው ደኅና ነው? የታመመው በሬ ተሻለው? ዘንድሮ ገብሱ እንዳሰባችሁት እንዳልሆነላችሁ ሰምቼ በጣም አዝኛለሁ። የደረስጌዋ እመቤት ትጠብቃችሁ። እኔ ደኅና ነኝ ልልሽ ብዕሬን አነሳሁና እጄ እንቢ አለኝ።

እዚህ ላይ፣ በል ዙሪያ ጥምጥም አትሂድብኝ፣ ቁም ነገሩን ተናገር እንደምትይ አውቃለሁ። ድምፅሽ እኮ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

በአካል ልመጣ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ደባርቅ ድረስ መጥቻለሁ። ከመኪና ወርጄ ወደ እናንተ፣ ወደ ሳንቃ በር የሚወጣውን መንገድ ቆሜ አየሁት። ትንሽ ብርዱ እስኪለቀኝ ብዬ አንድ ቤት አረፍ አልኩ፤ በዚያው ቀረሁ። በማግስቱ የዳባት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ተመለስኩ። ምን ዓይን ኖሮኝ ነው ፊትሽ የምቆመው?

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ባለበቅሎው ይግዛው ገበያ ላይ አግኝቶኝ ልጅሽ ስጦታ ወደ እናንተ ቤት መመለሷን ነገረኝ። ትምህርት ቤቱ በተስቦ ምክንያት ተዘጋ ብላችኋለች አሉ። አንቺም፣ አጎቷ እያለላት ምን ትሆናለች ብለሽ ዝም ብለሻል። አጎቷ እያለላት! ይህን ሲነግረኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ፣ ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም። የታመመ ተማሪም የለም። ልጅሽ ውሸት ለምዳ አይደለም፤ የሰው ገመና ስትሸፍን ነው።

ሌላም ነግሮኛል። ከትንሣኤ በኋላ ከውዱ ቤት የሚላኩ ሽማግሌዎች ልጅቷን ለትዳር ሊጠይቁ ይመጣሉ፣ አይቸውም ከእንግዲህ ቤት ከዋለች ምን አገዳት ብሎ ቃል ሊሰጥ ነው አለኝ። የስለት ልጄ ናት፣ ትማርልኝ ብለሽ ትምህርት ቤት ስትልኪያት ከአይቸው ጋር የተባባላችሁትን አውቃለሁ፤ ትምህርቷን የተወች ቀን ትዳር ትይዛለች ነው። እሷ ግን አልተወችም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሰኔ ላይ ነው፤ ከክፍሉ ማንም የሚደርስባት የለም። ስለዚህ አይቸው ቃል ከመስጠቱ በፊት ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አስነብቢው። መጨረሻው ድረስ።

ዘንድሮ ትምህርት እንደተከፈተ ከበላይ መመሪያ መጣ። ተማሪው፣ በተለይ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው፣ መካሪ አጥቶ በየአረቄ ቤቱ እየዋለ ነው፣ ካርታ ይጫወታል፣ ሲጋራ ያጨሳል፤ ስለዚህ የሥነ ምግባር ክበብ ይቋቋም፣ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ምክር ይሰጥ ተባለ። ማን ይምራው ሲባል መምህራኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አንዳንዶቹ ፈገግ ብለው ነበር፤ ያኔ ፈገግታው አልገባኝም። እኔም አፍ እንደሁ አላጣሁም፣ እሺ አልኩ።

ክፉ ሥራ እንዳይመስልሽ። ስንቁ ያለቀበትን ልጅ ካለው ጋር አጣምረን አብረው እንዲያበስሉ አደረግን። የታመመውን ጤና ጣቢያ ወሰድን። ናፍቆት ይዞት የሚያለቅሰውን አጠገቤ አስቀምጬ አዳመጥኩት። ካርታውን ጥሎ መጽሐፉን የያዘ ልጅ ነበር፣ እናቱ ከድብ ባሕር ድረስ መጥታ ጉልበቴን ሳመችኝ። እኔም በቀይ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጉበት እየሳልኩ፣ አረቄ እንዴት እንደሚያሳርረው እያሳየሁ እለፈልፋለሁ። ተማሪዎቹ ጓድ ጉበት የሚል ስም አወጡልኝ። ስጦታ ናት የነገረችኝ፤ አብረን ሳቅን፣ እሷ ግን ሳቋን ቶሎ አቆመች። ጠመኔውን ከእጄ ሳላራግፍ ወዴት እንደምሄድ ታውቅ ነበርና።

አንድ ዓርብ ስብሰባውን ከአውራጃው የመጣ ጓድ ሊያየው ነው ተባለ። የዚያን ዕለት ጠዋት ስጦታ ሸሚዜን ተኩሳ አቀረበችልኝና፣ ጋሼ፣ ዛሬ እውነተኛ እንግዳ ይመጣል፣ ደኅና አድርገው ይናገሩ አለችኝ። እውነተኛ ያለችው ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባሻል።

ተናገርኩ። ጉበቱን ሳልኩ። ተጨበጨበ። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት! እንግዳው ግን ተነሳና፣ ምክሩስ መልካም ነው፣ አሁን ደግሞ ተማሪው ራሱ ግለ ሂስ ያድርግ፣ ጥፋት ያለበት በገዛ አንደበቱ ይናገር አለ። ማን ይነሳል? እንግዳው ተቆጣ። አረቄ ቤት ሲገባ የታየ ተማሪ የለም ወይ ብሎ ሲጮህ፣ ከኋላ አንድ ልጅ፣ ስጦታ ከእናናዬ ቤት ስትወጣ አይቻታለሁ አለ። እናናዬ ከገበያው በታች አረቄ የምትሸጥ ሴት ናት። ልጁ ስጦታ ስትወጣ ካየ፣ ከማን ጋር እንደወጣችም አይቷል። ያንን አልተናገረም፤ ፈርቶኝ ነው።

ስጦታ ተነሳች። ግለ ሂስ የሚባለውን ነገር ከየት ታውቀዋለች? ጥፋትን በገዛ አንደበት መናገር ሲባል የምታውቀው የነፍስ አባታችሁን የመምሬ ገብረ ክርስቶስን ንስሐ ነው። ነጠላዋን አጣፋች፣ ወደ ፊት መጣች፣ ጎንበስ አለችና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ይፍቱኝ» አለች።

ወይ ጉድ! ተማሪውም ከልማድ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ አላላትም? ግማሹ መለሰ፣ ግማሹ በሳቅ ፈረሰ። የእንግዳው ፊት ጠቆረ። ይህ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ የአብዮት ትምህርት ቤት? ማን ነው ይህን የሚያስተምራት? አለ። እሷ ደነገጠች፣ ያጠፋችውን አላወቀችም። ለምን አረቄ ቤት ገባሽ ሲላት፣ ጥፋቴ ነው አለች። ልትጠጪ ነው? ሲላት መሬት መሬት አየች። ሰው ልትፈልጊ ነው? ሲላት ደግሞ ቀና ብላ፣ እኔን ሳይሆን ሰሌዳው ላይ ያለውን ጉበት አየችና፣ የለም፣ ጥፋቱ የራሴ ነው ብላ ደገመች።

ከዚያ እንግዳው ወደ እኔ ዞሮ ይህች ልጅ የማን ናት አለኝ።

እትዬ፣ እዚህ ላይ ነው አፈር የበላሁት። በአንድ ጣሪያ ሥር እንደምንኖር ተማሪው ሁሉ ያውቃል። ዲሬክተሩ ያውቃል። የእህቴ ልጅ ናት ብል ምን ይቀርብኝ ነበር? እኔ ግን አፌን ሞልቼ፣ ከገጠር የመጣች ናት፣ ገና አልነቃችም አልኩ። ያ ሁሉ ሲስቅ የነበረ ተማሪ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። እሷ ብቻ ነጠላዋን እንደገና አጣፋች።

ከትምህርት ትታገድ፣ ፈተናም አትቀመጥ ተባለ። የምትደግፉ እጅ አውጡ ሲባል እጄን አወጣሁ። በጠመኔ የቀላውን ያንኑ እጄን።

ቤት ስገባ ዕቃዋን አሥራ ሄዳለች። ምጣዱ ሥር ራቴን ከድና ትታልኛለች።

አሁን አባባን አስታውሺልኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከጠላ ቤት የምታመጪው አንቺ ነበርሽ፤ እኔ ቀሚስሽን ይዤ እከተልሽ ነበር። በሩ ላይ ትቆሚና፣ አባባ፣ እንግዳ መጥቷል ትይው ነበር። ምን እንግዳ አለ? ማንም የለም። ግን እንግዳ መጥቷል ሲባል ሰው ፊት ሳያፍር ጋቢውን አስተካክሎ፣ እንደ ጨዋ ተነስቶ ይወጣል። ውጭ ከወጣ በኋላ ትደግፊዋለሽ። እኔ ያኔ፣ እንዲህ ያለ ሰው ፈጽሞ አልሆንም ብዬ ስምል፣ አንቺ ራሴን ትዳብሺኝ ነበር።

ይህን ነገር ለልጅሽ የነገርሻት አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም። ወይ ደግሞ በደም ይተላለፍ እንደሆነ እንጃ። እናናዬ ቤት በር ላይ ስትቆም የምትለው እሱኑ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማንንም ሳታይ። ጋሼ፣ እንግዳ መጥቷል። እትዬ፣ ከዚህ በላይ አታስጽፊኝ፤ ገብቶሻል።

ከደባርቅ ተመልሼ ስመጣ ቤት ሳልገባ በቀጥታ ዲሬክተሩ ዋሴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። እንዲደነግጥ ጠብቄ ነበር። አልደነገጠም። መነጽሩን አውልቆ፣ ይህንንማ ዳባት ሁሉ ያውቃል፣ እኛ ያን ዕለት አንተ ትናገራለህ ብለን ስንጠብቅ ነበር አለኝ። ክበቡን የሰጠንህም ለተማሪው ስትል ከመጠጡ እጅህን ትሰበስባለህ ብለን ነው አለኝ። ፈገግታቸው የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ሰው የማያየኝ መስሎኝ፣ ለካ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲያዞርልኝ ኖሯል።

ዓርብ ዕለት ተማሪው ፊት ቆምኩ። ጉበት አልሳልኩም። የእህቴ ልጅ ናት አልኩ። እናናዬ ቤት የገባችው እኔን ልታወጣ ነው አልኩ። ማንም አልሳቀም፣ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ያ ከኋላ የተናገረው ልጅ አለቀሰ።

ዋሴም ለአውራጃው ጽፎ እገዳው ተነሣላት። ከሆሣዕና በፊት ክፍሏ ከገባች ፈተናውን ትቀመጣለች። እኔ ከክበቡ ወጥቻለሁ፤ የእኔ ጉዳይ ገና ይታያል፣ ወዴት እንደሚያዛውሩኝ እነሱ ያውቃሉ። ክበቡን የያዘችው የባልትና መምህርቷ ይታይሽ ናት። ስጦታ ከእንግዲህ የምታድረው እሷ ዘንድ ነው፣ ተነጋግረናል፤ ደግ ሴት ናት። እኔ ቤት አትመለስም። ማንንም ልትደግፍ አይደለም የመጣችው፣ ልትማር ነው። ይግዛው ሲመለስ በቅሎው ላይ አስቀምጦ ያምጣት። አይቸውን ለምኚልኝ፤ እግሩ ላይ ወድቄያለሁ በዪው።

እኔስ? ተውኩ ብዬ አልምልልሽም። መሐላዬን ከልጅነቴ ታውቂዋለሽ። ዛሬ ጠዋት አረቄ አልቀመስኩም፣ ፊደሉም የተንጋደደው ለዚያ ነው። ነገን አላውቅም።

እትዬ፣ አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም፣ መምሬ ገብረ ክርስቶስም ዓይናቸው ደክሟል። ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚያነብልሽ አውቃለሁ። ስጀምር ጀምሬ አውቀዋለሁ። ባለፈው ክረምት ከእጄ የወጣ ደብዳቤ ስታነብልሽ፣ ብሶቴን እየዘለለች ጤና ነው፣ ሰላም ነው እያለች ስትጨርሰው፣ ይግዛው እዚያው ተቀምጦ ሰምቷት ነበርና ነግሮኛል። ስለዚህ ለአንባቢዋም ሁለት ቃል አለኝ።

ስጦታዬ፣ አንድም መስመር እንዳትዘልዪ። ድምፅሽንም ዝቅ አታድርጊ፤ የእናናዬ በር አይደለም፣ የእናትሽ ቤት ነው። ተስቦ ያልሽውንም ራስሽ አንብበሽ አፍርሺው፤ እናትሽ አትቆጣሽም። ያ ሰው ሁሉ የሳቀበት ቃል ጥፋት አልነበረውም። ከአዳራሹ ውስጥ ትክክለኛውን ቃል የተናገርሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ቃሉ ግን ያንቺ አልነበረም። የእኔ ነበር፣ ነጠቅሽኝ።

እግዚአብሔር ጤናውን ይስጣችሁ። ዝናቡን በጊዜው፣ በሬውንም በደኅና ያቁምላችሁ። ለትንሣኤ በሰላም ያድርሳችሁ። ጎንሽን በሙቅ ጨው ታሺው፤ ቸል አትበዪ።

ሳዝንብሽም ስታዝኚብኝም ያው ወንድምሽ፣ ቀሚስሽን ይዞ የሚከተልሽ።

ስጦታ፣ እናትሽ አሁን፣ አበቃ ወይ ትልሻለች። አላበቃም፣ አንድ ቃል ቀርቷል በያት። «ይፍቱኝ» ይላል በያት። ይፍቱኝ የሚለው ማንን ነው ብትልሽ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ።