የአባባ አልበም ለምን ሳይቆረጥ ወጣ

ለእትዬ አኬሎ፣

ሰላምታዬ ከሐይቃችን ዳር ተነሥቶ ሞምባሳ ባሕር ድረስ ይምጣልሽ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ወበቁ አሁንም እንቅልፍ ይነሳሻል? ባልሽን ኦቦንዮንስ የወደቡ ሥራ እንዴት ይዞታል? ልጆቹስ በቁመት አልፈውኛል ወይስ ገና አጎታቸውን ቀና ብለው ነው የሚያዩት? እኛ ሁላችን ደኅና ነን። እናታችን ደኅና ናቸው፣ አባባ ደኅና ናቸው፣ እኔ ደግሞ ከደኅናም በላይ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። የጎረቤት ልጅ ለምኜ ያስጻፍኩት እንዳይመስልሽ። የማታ ትምህርቴን በዚህ ወር ጨርሻለሁ። መምህራችን ፊደሎቼን አይተው እንደ ሰከረ በሬ ይንገዳገዳሉ አሉኝ። እኔም የሚንገዳገድ ነገር ነፍስ አለው ማለት ነው ብዬ በደስታ ተቀበልኩ። ከዚህ እስከ ሆማ ቤይ ብትፈልጊ ቤዝ ጊታርም የሚመታ ደብዳቤም የሚጽፍ አንድ ሰው ነው የምታገኚው፤ እሱም ወንድምሽ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በፋሲካ ስትደውዪ፣ ሰው የወደደውን አንድ ዘፈን ብቻ እየመረጠ ከስልክ በሚያወርድበት ዘመን ሽማግሌ ሰው ሙሉ አልበም ላውጣ ብሎ ለምን ይደክማል፣ አንዷን ይልቀቁና ይረፉ ብለሽ ነበር። አባባ አልተቆጡም። ስልኩን መለሱልኝና ሄደው ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። የግራ እጃቸው ጣቶች ጠዋት ጠዋት አንታጠፍም እያሉ እንዳስቸገሯቸው የነገሩኝ ያን ቀን ነው። «አንድ አልበም ይወጣኛል፤ ሁለተኛ ግን አይወጣኝም» አሉኝ። እናታችን ለካ ቀድመው ያውቁ ኖሯል፤ ማታ ማታ ዘይት እያሹላቸው ከርመዋል። ለአንቺ ያልነገርንሽ ከሩቅ ሆነሽ እንዳትጨነቂ ብለን ነው።

እናም የአባባን ባንድ ሰብስበን ኪሱሙ ከተማ ወረድን። የስቱዲዮው ባለቤት ሙሪሚ የሚባል የናይሮቢ ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ጆሮም አለው፤ ግን ያደገው እኛ በምንጨፍርበት አገር አይደለም። እሱም ያንቺኑ ቃል ደገመው። ከሦስት ደቂቃ በላይ የሚሰማ የለም፣ መግቢያው ይጠር፣ ጊታሮቹ ብቻቸውን የሚሮጡበት ይቆረጥ፣ አልበሙም ይቅር አለ። አባባ እስኪጨርስ ሰሙትና መጀመሪያ እንጫወት፣ መቀሱን በኋላ ታነሣለህ አሉት።

አምስቱን ዘፈን በሰላም ቀዳን። ስድስተኛው የሐይቁ ዘፈን ነው፤ አንቺ ተድረሽ ስትሄጂ አባባ ጀምረውት፣ መጨረሻው አልገኝ ብሏቸው የኖረው። ያን ዕለት ጣቶቻቸው ታዘዙላቸው። ጊታሩ እንደ ድሮው እየሳቀ ሲሮጥ እኔ ያለሁበትን ረሳሁት። ስቱዲዮ ውስጥ ሳይሆን ሜዳችን ላይ ቅዳሜ ማታ የቆምኩ መሰለኝ። የእኛ ሰው ልቡ ሲሞላ የሚያደርገውን ታውቂያለሽ። ሳንቲም ወደ ባንዱ ይወረውርና እጁን ያነሣል፣ ሙዚቃው ቀጥ ይላል፣ ሰውዬው ራሱንና ወገኑን አወድሶ ሲያበቃ ጨዋታው ይቀጥላል። እኔም በቀረጻው መሃል ቤዜን ለቅቄ፣ ከኪሴ ሳንቲም አውጥቼ ወለሉ ላይ ጣልኩና እጄን አነሣሁ። ይግረምሽ፣ ከባንዱ አንድ ሰው አልተጠራጠረም። ከበሮ መቺው ኦሜንጌ እንኳ፣ ሚስቱ አሥር ጊዜ ብትጠራው የማይሰማው ሰውዬ፣ ቀጥ አለ።

«እኔ የአኬሎ ወንድም ነኝ» አልኩ። «ሞምባሳ ድረስ ሄዳ የአባቷን ስም እንደ ጨሌ በአንገቷ ያሰረችው የአኬሎ ወንድም። ሐይቁ ካለው ሁሉ መርጦ ለባሕሩ የሰጠው እሷን ነው። ባሕሩም እስካሁን ሲያመሰግን ነው የሚጮኸው።»

አባባ ጊታሩን አንዴ «እህ» አሰኙልኝ፣ ኦሜንጌ ከበሮውን መታ፣ ዘፈኑ ከቆመበት ተነሣ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሙሪሚ ከመስታወቱ ጀርባ ወጥቶ መጣ። ምን ነካህ ሰውዬ፣ ከሁሉ የተዋጣልንን ቀረጻ ገደልከው አለኝ። ባንዱም ያኔ ነው የነቃው። ኦሜንጌ ወዲያው ወደ እኔ ጠቁሞ፣ እኔማ እሱ አስቁሞኝ ነው ብሎ ካደኝ። እኔ ወንድምሽ፣ አፌ የማይዘጋው፣ ጎንበስ ብዬ ሳንቲሜን አነሣሁ። የአባባ ጣቶች ሌላ እንደዚያ ያለ ቀን ይስጧቸው አይስጧቸው ማን ያውቃል?

አባባ ግን ጊታራቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው እንዲህ አሉ፦ «አልገደለውም። ይህ ዘፈን አላልቅ ያለኝ ስሟ ስላልተጠራበት ነው። አንዱን ዘፈን ለብቻው ለሚፈልግ ሰው አጭሩን ስጠው፣ አልከለክልም። እኔ ግን ሰው ቤት ስሄድ በር ላይ ስሜን ተናግሬ አልመለስም። እገባለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ የቤቱን ሰው በየስሙ እጠይቃለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ፣ ከዚያ ሲሸኙኝ እሄዳለሁ። አልበም ማለት ለእኔ ይኼ ነው።»

 ሙሪሚ ቀረጻውን መልሶ ከፍቶ ሰማው። ጊታሮቹ ሲሮጡ እጁ ወደ ኪሱ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱ ግን ቁልፍ እየፈለግኩ ነው አለ።

እንዲህ ሆኖ ሙሉው አልበም ሳይቆረጥ ወጣ፤ የሐይቁ ዘፈን ብቻ አጥሮ ለብቻውም ተለቀቀ። እኔ ጉረኛ ነኝ እንጂ ውሸታም አይደለሁም፤ አጭሩን ዘፈን ያወረደው ሰው አልበሙን ከወሰደው በብዙ ይበልጣል። በዚህ አንቺም ሙሪሚም ልክ ናችሁ። ነገር ግን ከኬንዱ ኪሱሙ የሚመላለሰው ማታቱ ሚኒባስ አልበሙን በፍላሽ ይዞ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያጫውተዋል። ተሳፋሪው የመውረጃውን ስም መጥራት ትቶ፣ ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ አውርደኝ ማለት ጀምሯል። ባለፈው ቅዳሜም ሜዳው ላይ ስንጫወት፣ አጭሩን ብቻ የሚያውቁ መስለውን የነበሩት ወጣቶች ናቸው ስድስተኛውን፣ ረጅሙን ተጫወቱልን ያሉት። ሳንቲማቸውን ይዘው ተራ በተራ ሙዚቃውን አስቆሙን። አንዱ ስለ ብስክሌቱ ሳይቀር አወደሰ። ሰው በጎረረ ቁጥር አባባ ጣታቸውን ያሳርፋሉ፤ ጉራው ሲረዝም ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ቻሉ። ሲመለሱ እናታችን እጃቸውን ይዘው አዩትና፣ ዛሬስ ዘይት አያስፈልገውም አሉ። አባታችን ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እንዲህ ያለ አባት ያለው ሰው ቢጎርር ማን ይፈርድበታል?

ኦቦንዮን በጣም ሰላም በይልኝ። የልጅሽን የአፖንዲን ጉንጭ ሳሚልኝ፤ ለትንሹ ኦሉኦች አጎትህ ቤዙን ሊያስተምርህ ይጠብቅሃል በይው። እናታችን የደረቀ ኦሜና ዓሣ በሚመጣ ሰው እልካለሁ ብለዋል። ኦሜንጌም ሰላም ብሎሻል፤ መካዱን አልተውኩለትም። አባባ ሰላምታቸው ዘፈኑ ውስጥ ነው።

ስለዚህ እትዬ፣ አጭሩን እንዳትሰሚ። አንቺ እዚያ ውስጥ የለሽም። ሙሉውን ከመጀመሪያው ክፈቺና ሥራሽን እየሠራሽ ቆዪ። ስድስተኛው ላይ ጊታሮቹ ሲሮጡ ቆይተው ድንገት ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል። ስልኩ የተበላሸ ይመስልሻል፤ እንዳትነኪው። እየተጠራሽ ነው።

ወንድምሽ ኦጋዳ
ኬንዱ ቤይ፣ ኦገስት 14 ቀን 2016