ለግዥና ንብረት ኃላፊው፦ ስለ ታሸገው ሰርቨር

ለተከበሩ የግዥና ንብረት አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ዕድሜዎ የረዘመ፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ፣ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች በድምፅ የተቀረጹ መጻሕፍትን በድረ ገጽ የሚያሰማውን ሰርቨር ከምድር ቤት ሆኜ የምጠብቅ ባለሙያ ነኝ። ረስተውኝ እንደሆነ፣ አምና ሊፍት ውስጥ «ጥገና ነህ?» ያሉኝ ሰው ነኝ።

አሮጌው ማሽን ከተበላሸ ሰባት ሳምንት ሆነው። ስለ አዲሱ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ድረ ገጻችን የሚሠራበት የኮምፒውተር ሥርዓት ዩኒክስ ከሚባለው ወገን ስለሆነ፣ የማያውቀውን ዕቃ ቢሰኩለት ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ ሥርዓቱ የሚያውቃቸውን ዕቃዎች ሁለት ሳምንት ሙሉ አመሳክሬ፣ ማሽኑን ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን የኔትወርክ ካርድ ሞዴል እስከ መጨረሻዋ ፊደል ጽፌ ላክሁ። ኮሚቴዎ ሞዴሉን ሰርዞ ከጎኑ ያለውን «ወይም ተመጣጣኝ» የሚለውን ብቻ አስቀርቶ፣ ከሥርዓቱ ጋር የሚያስተዋውቀው ፕሮግራም፣ ማለትም ድራይቨር፣ ገና ያልተጻፈለት የዘንድሮ ካርድ ገዛ። በዚህም ከሕንፃው ሁሉ ፈጣን የሆነው ማሽን ከማንም ጋር መነጋገር አይችልም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንዲሉ፣ ከዝንብ ስለጠበቁት አመሰግናለሁ።

፪. ባለቀለም መብራት የጌም ምስል ማሳያ ካርድ ሳልጠይቅ ጨምረውልኛል። ሰርቨር ስክሪን አይሻም፤ አድማጮቻችንም አያዩትም። ሆኖም በክፍሌ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ እያየሁ ምሳዬን እበላለሁ።

፫. ደህናውን የኔትወርክ ካርድ ከአሮጌው ማሽን ነቅሎ አዲሱ ላይ መሰካት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ዳሩ ግን ክፍልዎ በሳጥኑ መጋጠሚያ ላይ የለጠፈው እሽግ ያለ ፊርማዎ አይነካም። ሦስት ጊዜ ጽፌ፣ «አዲስ ዕቃ ምን ሆኖ ይከፈታል?» የሚል መልስ በጸሐፊዎ በኩል ደርሶኛል።

በመጀመሪያው ሳምንት ስልኬ አላርፍ ብሎ ነበር። ከዚያ አድማጮቹ ተስፋ ቆረጡ መሰለኝ፣ ዝም አለ። አሁን የሚደውሉት አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ ብቻ ናቸው፤ ያዳምጡት የነበረው ልቦለድ ምዕራፍ አሥራ አንድ ላይ ተቋርጦባቸዋል። በየጠዋቱ «ዛሬስ ልጄ?» ይሉኛል፤ «ዛሬም አልሆነም እማማ» እላለሁ። ከዚያ መጽሐፉን ከፍቼ አንድ ምዕራፍ በስልክ አነብላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በቀን ውስጥ የራሴን ድምፅ የምሰማው ያኔ ብቻ ነው። ሌሎቹ ማን እንደሚያነብላቸው አላውቅም።

የምለምነው እሽጉን ለመክፈት አንዲት ፊርማ ነው። ብዕርዎ እስኪያርፍበት ድረስ በትዕግሥትዎ እየተደነቅሁ፣ በትሕትና እጅ የምነሳ፣

የምድር ቤቱ ባለሙያ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእማማ በስልክ አንብቤላቸው ነበር። እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «እንዲህ አብዝተህ የምታመሰግነው፣ ምን ቢበድልህ ነው ልጄ?» አሉኝ።