ገዲሴ ያልጠራችው ስም

ለናፈቅሽኝ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ዳገቱን እሺ አለሽ? ዝናቡ እናንተ ዘንድ ጠንክሯል ሲሉ ሰምቼ፣ እንሰቱ ላይ ውሃ እንዳይተኛበት ስሰጋ ሰነበትኩ። እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። የለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ጭቃ ብቻ ጫማ አላስደርግ ብሎኛል። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ይህን ነገር ሳወራ ስለምጮህ ትደነግጫለሽ ብዬ ነው መጻፌ።

ገዲሴ የምትባል ተማሪ አለችኝ። ፉሪ አንድ የገበሬ ቤት ተድራ፣ ልጅ እያሳደገች ማስተርሷን የተማረች ናት። የመመረቂያ ጽሑፏ አማካሪ እኔ ነኝ። የጻፈችው ከተማው ሲደርስባቸው የፉሪ ገበሬዎች ምን እንደገጠማቸው ነው። የትኛው ማሳ የማን እንደነበረ፣ ማን ሸጦ ማን እንደተነሳ የነገሯት የባሏ አባት አቶ ኢሉ ናቸው። ስማቸውን ጽሑፉ ላይ አስፍራለች። በአፌ ግን አልጠራቸውም፣ ምራት የባሏን አባት በስም መጥራቷ በእኛ ዘንድ ነውር ነው ብላኝ ነበር።

ይህ ላንቺ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንቺ እንኳን የአማትሽን፣ የአያታችንን ስም፣ ስሙ የሚጀምርበትን ድምፅ ራሱ ትሸሺው አልነበር?

ጽሑፏን ፈታኞች ፊት የምትከላከልበት የዲፌንሱ ቀን ቤተሰቡ ሁሉ አበባ ይዞ መጣ፤ አማቾቿ ከፊት ተቀመጡ። ጥሩ አድርጋ አቀረበች። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ፈታኝ ግን ዋናው መረጃ ሰጪሽ ማን ይባላል አላት። የቤቱ አባት ናቸው አለችው። ስማቸው ጽሑፉ ላይ አለ ብትለው፣ ከአፍሽ ነው የጠየቅኩሽ አላት። አቀረቀረች። ስሙን ካላወቅሽው አላነጋገርሽውም፣ ከጭንቅላትሽ የፈጠርሽው ሰው ነው አላት፤ ያውም በባሏ እናት ፊት። ላስረዳ ብነሳ አማካሪ አይናገርም ተባልኩ። ይሄኔ ሽማግሌው ራሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱና ኢሉ እኔ ነኝ፣ የነገርኳትም እኔ ነኝ አሉ። ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው? ለታዳሚ መናገር አይፈቀድም፣ ይቀመጡ። እማዬ፣ ሰው እዚያው ፊታቸው ቆሞ የለም ተባለ። ደሜ ፈላ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

መረጃው ፈጠራ ነው ብለው ጣሏት።

ከየአገሩ ልጅ ሰብስበን ሁሉንም በአንድ ልክ ካልሰፋናችሁ እንላለን። አምና ሰዒድ የሚባል የስልጤ ልጅ ፈታኞቹን ቀና ብሎ አላየም ተብሎ፣ በራስ መተማመን ይጎድለዋል ብለው ነጥብ ቀነሱበት። ታላቅ ሲናገር ዓይንህን ሰበር አድርግ እየተባለ ያደገ ልጅ ነው። በሩ ላይ ደግሞ ብዝኃነታችን ውበታችን የሚል ባነር ሰቅለናል። ማን እንደሚያነበው እንጃ።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ሕዝቅኤል ክፉ ሰው አይደለም፤ ጣጣ ግን አይወድም። ጠርቶን አንዴ ስሙን ጥሪና ነገሩ ይለቅ አላት። አማቷም ልጄ ጥሪኝ፣ ፈቅጄልሻለሁ ብለዋታል። እኔም ብትጠሪውስ ብያታለሁ። ምን ብትል ጥሩ ነው? እሳቸው ቢፈቅዱም ማክበሩ የእኔ ነው፣ በወረቀት አልለውጠውም አለች።

ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ፈርሚ ተባልኩ። ተማሪዋ የሌለ ሰው ፈጥራ ጻፈች የሚለው ውሳኔ የአማካሪዋ ፊርማ ከሌለበት አይጸድቅም። አልፈርምም አልኩ። ሕዝቅኤል ደጋግሞ ለመነኝ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ኮንትራትሽ ሊያልቅ ነው፣ አትርሺ አለኝ። አልረሳሁም አልኩት።

ፊርማው ስለጎደለ ሌላ ፈታኝ ተመድቦ ባለፈው ሐሙስ እንደገና ቀረበች። እኔ አዳራሹ ውስጥ አልነበርኩም። የበሩ ጥበቃ ስንት ዘመን የሚያውቀኝ ሰው ነው፤ ከኮንትራቴ ጋር ያበቃውን መታወቂያ ሲጠይቀኝ ፊቱን አዞረ። ላሳቅቀው አልፈለግሁም፤ የመካኒሳ ታክሲ የሚቆምበት ጋ ሄጄ ጠበቅኩ።

ደውሎ የነገረኝ ባሏ ፍሮምሳ ነው። አዲሷ ፈታኝ ጽሑፉ ላይ ስማቸው ያለው እኚህ ሰው ምንሽ ናቸው አለቻት። የባለቤቴ አባት ናቸው አለች፤ ከዚያ ማን ያስቁማት። አለፈች፣ እማዬ። ምስጋና ላይ ስትደርስ የእኔ ነገር እንዳይነሳ ተነግሯት ነበር አሉ። እሷም በስሟ የማልጠራትን መምህሬን አመሰግናለሁ ብላ ተቀመጠች። የአዳራሹ ሰው ሲያጨበጭብ የባሏ እናት አለቀሱ አለኝ። እኔም ታክሲ ተሰልፌ አለቀስኩ።

ዘንድሮ ለመስቀል ቀደም ብዬ እመጣለሁ። መጻሕፍቴንም ስለማመጣ ጓዳው ውስጥ ቦታ አስለቅቂልኝ። እንሰት የምትፍቅልሽ ሰው አትፈልጊ፣ እኔ አለሁ። መቼ ነው የምትመለሺው ብለሽ ብቻ አትጠይቂኝ፤ ጎረቤት ከጠየቀም እናቷ ናፍቃት ነው በያቸው።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ደጅሽን ሰላም ያድርግልኝ።

ታላቋ ልጅሽ