ፎቶህ የቆመበት ሐሙስ

ይድረስ ለወንድሜ ለሃፍቶም ካሳይ፤ ጁባ፣ ካለህበት ሰፈር።

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ሥራህ፣ ቤትህ፣ የአገሩ ሙቀት፣ ወባው፣ ሰዉ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ከእናታችን ከአደይ ዓይን፣ ከእኔ ደም ግፊትና ከመብራቱ መቆራረጥ በቀር ደህና ነን። የደረደርኩልህ ጥያቄ ሁሉ ባይመለስ ግድ የለኝም። ከሁሉም የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱን ከመለስክ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል። አለህ ወይ?

ይህን የምጠይቅህ ለወግ አይደለም። ሚያዝያ 30፣ ሐሙስ ዕለት፣ እዚህ ካዛንቺስ ተለቅሶልሃል። ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ሦስት ቀን ሙሉ። አልሞትኩም ብለህ የመቃወም መብትህ የተጠበቀ ነው፤ ነገሩ እንዴት እንደመጣ ግን ከሥሩ ልንገርህ።

ሰፈሩ ግማሹ መፍረሱን ሰምተህ ይሆናል። እኛ ያለንበት ረድፍ ተርፏል፤ ከጎረቤት ግን የቀረነው እኛና እትዬ ገበያነሽ ብቻ ነን፤ ሌላው በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ከጎናችን ያለው ቤት ሲነሳ ግድግዳችን ውኃ አስገባና ፎቶዎቹን አበላሻቸው። የአባታችን ጢም ሻግቶ አሁን ደረቱ ላይ ደርሷል። አደይ ደግሞ ዓይኗ ደክሟል፤ በስልክ ፎቶ ስናሳያት «ይሄ ጉንዳን ማነው?» ትላለች። በዚህ ምክንያት ልጄ ልዩ «በቃ እማ፣ ዲጂታል የፎቶ ፍሬም እንግዛላት» ብላ ደምበል ወሰደችኝ።

ሻጩ «ማዘር፣ ይሄ ሃያ ሺህ ፎቶ ይይዛል» አለኝ። የእኛ ቤት ፎቶ ቢቆጠር አርባ ሦስት ነው፤ ስድስቱ ላይ ሰው አይታይም። ሁለት ዓይነት ነበረው። አንዱ ፎቶ የሚጫንበት በሚሞሪ ብቻ ነው። ሌላው በዋይፋይ ይሠራል፤ የፍሬሙን ቁጥር የያዘ ሰው ከየትም ሆኖ ሲልክ ፎቶው አደይ ጠረጴዛ ላይ ብቅ ይላል። «ከጁባም?» አልኩት። «ከጨረቃም ማዘር፣ ኔትወርክ ካለ» አለኝ። ሁለተኛውን የመረጥነው በአንተ ምክንያት ነው። ልዩ ቁጥሩን በድሮው ስልክህ ላከችልህ፤ መልእክቱ እስከ ዛሬ ሳይደርስህ አንዲት ራይት ይዞ ቆሟል።

አደይ መጀመሪያ አልወደደችውም። ፎቶዎቹ በየአሥር ሰከንዱ ሲቀያየሩ «ምን ያጣድፋቸዋል? ሳልጠግባቸው» አለች። ልዩ ወደ አንድ ደቂቃ አረዘመችላት። ከዚያ ወዲህ ወንበሯን ፊት ለፊቱ አድርጋ ተራህን ትጠብቃለች። ያለን የመጨረሻው ፎቶህ ልትሄድ ስትል የተነሳኸው ነው፤ የአክስታችንን ልጅ የተወልደን ኮት ለብሰህ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ኮቱ ያኔም ጠቦህ ነበር።

ያን ሐሙስ መብራት ሄዶ መጣ። ፍሬሙ ሲነሳ አንተ ላይ ደርቆ ቀረ፤ አይዞርም፣ አይጠፋም። እንግዲህ አስበው፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ለትንሣኤ የተገዛው አበባ፣ መሃል ላይ አንተ ብቻህን በሙሉ ብርሃን። አደይ ራሷን አሟት ጥቁር ሻሽ ጠምጥማለች። ሐኪሙ ያዘዘላትን የዓይን ጠብታ ያኔውኑ ጨምራ በሁለት ጉንጯ ይወርዳል። በዚህ መሃል እትዬ ገበያነሽ የተዋሱትን ድስት ሊመልሱ ገቡ። በእኛ አገር አንድ ሰው ፎቶው ገዝፎ፣ ብርሃን ተደርጎለት፣ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። እትዬ ገበያነሽ ድስቱን ለቀቁት። «ወይኔ ሃፍቶሜ! ወይኔ ልጄን!» ያሉት ከአስፋልቱ ማዶ ተሰምቷል ይባላል።

እኔ ኦሎምፒያ መሥሪያ ቤት ነበርኩ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ቀለመወርቅ ደወሉና «ማዕዛዬ፣ እናትሽን ትንሽ አሟታል፤ አይዞሽ፤ ቀስ ብለሽ ነይ» አሉኝ። በዚህ ከተማ ቀስ ብለሽ ነይ ከተባልሽ ነገሩ አልቋል። አደይን አጣኋት ብዬ ታክሲ ውስጥ ስንቀጠቀጥ ረዳቱ ሂሳብ ሳይቀበለኝ አወረደኝ። ድንኳኑን አልፌ ሳሎን ስገባ አደይ በሴቶች ተከባ ተቀምጣለች፤ በሕይወት። ከደስታዬ የተነሳ ጮኼ አለቀስኩ። ሴቶቹ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አሉኝ። ቀና ስል አንተን አየሁ።

ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ «ማን ነገረሽ?» አልኳት። «ማንም» አለች። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ምንድነው?» ብላት፣ «ዝም በይ። ስሙን ሲጠሩት ልስማበት» አለችኝ።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ከአባታችን ቀብር ወዲህ ድምፅህ ከጠፋ ሦስት ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት እንዳትከፋ ብለን ማናችንም ስምህን እፊቷ አንስተን አናውቅም። ዝምታችን ምን እንዳደረጋት የገባኝ ያን ቀን ነው። የተበተነው ሰፈር ሁለት ሦስት ታክሲ እየያዘ መጥቶ ስለ አንተ አወራ። በአባታችን ሴቼንቶ መኪና መንዳት አስተምራለሁ ብለህ የቀበሌውን አጥር ይዘህ መግባትህ ተነሳ። የእትዬ ገበያነሽን ባል በጎርፍ መሃል አዝለህ ሐኪም ቤት ማድረስህም ተነሳ። ስለ ትሕትናህ የተወራውን እኔ አላስታውሰውም፤ ሰው ሲሞት ይሻሻላል። አደይ እያንዳንዱን ስትሰማ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለች። ለቅሶ ላይ ከዚያስ የምትል እናት አይቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ልዩ ፍሬሙን ከሶኬት ነቅላ ሰካችው። አንተ አለፍክና አባታችን መጣ፤ ቀጥሎ የልዩ የምርቃት ኬክ። እትዬ ገበያነሽ «እንዴ! ይሄ ነገር ይዞራል እንዴ?» አሉ። እኔ ጋሽ ቀለመወርቅን ወደ ውጭ ይዣቸው ወጣሁና የመጣ መርዶ እንደሌለ ነገርኳቸው። «ታዲያ አለ?» አሉኝ። «አላውቅም» አልኳቸው። «መርዶ ስናረዳ ዕድሜያችንን ፈጅተናል። አልሞተም ብሎ ማርዳት ግን ደንባችን ላይ የለም» አሉ። በማግስቱ ማለዳ ሁለት ሽማግሌ ጨምረው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው አደይ ፊት ቆሙ። ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ «ሞተ አላልኩም። አለም አላልኩም። አርባውን ልጠብቅ» አለቻቸው።

አርባህ ሰኔ 9፣ ሰኞ ነው። እስከዚያ ካንተ ፎቶ ከመጣ የተጠራው ሰው የምስጋና ይበላል። ካልመጣ ቄሱ ፍትሐት ያደርሳሉ፤ እሷም ጥቁር ትለብስና ከዚያ በኋላ አትጠብቅህም። እንደማታደርገው አታስብ፤ ታውቃታለህ። ለሁለቱም ጠላ ያስፈልጋል ብላ ጌሾ አስገዝታለች።

ተወልደ ባለፈው ጁባ ለንግድ በመጣ ጊዜ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ አንተን የሚመስል ሰው ከኋላው አየሁ ይላል። ሲጠራው አልዞረም። አሁን ተመልሶ ሲመጣ ይህን ደብዳቤ እዚያ ሱቅ ይተውልሃል፤ የፍሬሙን ቁጥር ጀርባው ላይ ጽፌዋለሁ። ቃል መጻፍ ከከበደህ ተወው፤ ፎቶ ብቻ ላክ። ሸብተህ ቢሆን፣ ከስተህ ቢሆን፣ ጥርስህ ወልቆ ቢሆን አደይ በደቂቃዋ አትጠግብህም።

ከእኔ የሚወጣ አንድ ነገር ደግሞ ቀርቷል። አባታችን የተቀበረ ዕለት ስትደውል «ለመቅበር ያልመጣ ለምን ይደውላል?» ብዬ ዘጋሁብህ። አደይ አታውቅም። ሳሎን ውስጥ ሦስት ቀን ያለቀስኩት ያን ቃል ነው። ይቅር በለኝ።

ልዩ በጣም ሰላም ብላሃለች። ጋሽ ቀለመወርቅም ሰላም ብለዋል፤ በጥንቃቄ። እትዬ ገበያነሽ «ካለ ሰላም በይልኝ፤ ጉሮሮዬን ግን ይካሰኝ» ብለዋል። አንተ ዘንድ ማን እንዳለ አላውቅም፤ ሚስት ካለችህ ለእሷ፣ ልጅ ካለህ ለልጁ፣ ብቻህን ከሆንክም ለብቻህ ሰላምታዬ ይድረስ።

አደይን «ካንቺ ምን ልጻፍለት?» አልኳት። «ተቆጪው» አለችኝ። «አሁን ይሄ የቁጣ ጊዜ ነው?» ስላት፣ «የሞተን ሰው ማንም አይቆጣውም። ተቆጥተሽ ጻፊ» አለች።

ስለዚህ በእናትህ ትእዛዝ፤ አንተ የማትረባ! እናትህን በዚህ ዕድሜዋ! ምን ዓይነት ሰው ነህ? ቆይ፣ አግኝቼህ!

እህትህ ማዕዛ ካሳይ
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.