ብረቱን ፈትቻለሁ

ቀየት፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእየሩስ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

የዙሪክ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኛ ውርጩ ሳይቀድመን ገብሱን አጭደናል፣ ተመስገን። የተከለለው የጓሳ ሳር ዘንድሮ ለክዳን ይከፈታል እየተባለ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከፈቀዱ ጣሪያውን እናድሳለን። ትናንት ለሚካኤል ስንሄድ ትንሽ ዞሮብኝ ጎረቤታችን ጥሩሸዋ ደገፈችኝ፤ የመንገዱ ድንጋይ ነው። ፊደሌም ወደ ታች ከወረደ አትጨነቂ፣ ብርዱ ነው።

ይህን በስልክ ብነግርሽ ይቀል ነበር፤ ግን እኔና አንቺ በስልክ መነጋገር ትተን መጮህ ከጀመርን ሰነበትን። አንቺ «እማዬ ስሚኝ» ትያለሽ፣ እኔ «አንቺ ስሚኝ» እላለሁ፣ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ ሁለታችንም እናለቅሳለን። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት ፊደሌ ጻፍኩልሽ። ታዲዮስ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ወንድምሽ እንዳያነበው አስምዬዋለሁ፤ ማንበቡ ግን አይቀርም።

በእኔ መቆጣትሽ አይፈረድብሽም። አዲስ አበባ ለጭንቅላቴ ምርመራ የሄድን ዕለት የምርመራው ክፍል ልጅ «እናቴ፣ ብረት ነገር ይዘዋል?» ሲለኝ «ኧረ ምን ብረት!» አልኩት። የጆሮዬን ፈታሁ፣ የአንገት መስቀሌን ለታዲዮስ ሰጠሁ። የሰጡኝን ልብስ ለበስኩና ከሥሩ መቀነቴን አሰርኩ፤ ወገቤን ሳላስር ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። በሩ ጋ መፈተሻው ሲጮህ ልጁ ክው አለ። መቀነቴ ጫፍ ላይ የቋጠርኳት የማጭድ ስባሪ ናት። አንቺን ወልጄ አራስ ሳለሁ እናቴ የሰጠችኝ፤ አራስ ብረት ሳትይዝ ብቻዋን ከደጅ አትውጣ፣ ክፉ ነገር ያገኛታል ብላ። ከዚያ ወዲህ ከወገቤ ወርዳ አታውቅም። ልጁ ብረት ሲለኝ እሷ መች ትዝ አለችኝ! ለእኔ ጠባቂዬ ነበረች። «ማሽኑ ብረት ነጥቆ ይስባል፣ ይፍቱት እንጂ» ብሎ ቢለምነኝ እንቢ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ አንቺ ደወልሽ። «ብረቴን የምፈታው ያቺን መድኃኒት አንቺ በእጅሽ የምትነጂልኝ ከሆነ ብቻ ነው» አልኩሽ። አንቺ ደግሞ ሕጉ አይፈቅድም፣ ዘመድ በዘመዱ አካል ውስጥ አይነዳም፣ ባልደረባሽ ናት የምትነዳው አልሽኝ። «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ የእናትሽ ተራ ሲደርስ ለባዕድ ትሰጪኛለሽ?» ብዬ ስልኩን ዘጋሁብሽ። የራሴ እጢ ቢላዋ ከማይደርስበት ቦታ መሆኑን አልረሳሁም። እስከ ጥር ወዳንቺ ካልመጣሁ ተራዬ እንደሚያልፍም አልረሳሁም። ግን ልቤ እንቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ።

ባለፈው እሑድ ጥሩሸዋ መጣች። ታውቂያታለሽ፣ ምላሷ እንዳለ ነው። «ይቺ ልጅ የምትነዳው ምን ነበር? በግ ነው መኪና?» ብላ ጠየቀች። ታዲዮስ ሳቀና ከአሮጌ ሬድዮ ማግኔት ፈልቅቆ አመጣ። የመርፌ ጫፍ ሰብሮ ሰፌድ ላይ ጣለ፤ ማግኔቱን ከሥር ያዘ። «የእየሩስ ብረት ከዚች እጅግ ታንሳለች፣ ከጤፍም ታንሳለች፤ መድኃኒት ተሸክማ በደም ሥር ትሄዳለች። እየሩስ ከውጭ ሆና በስክሪን እያየች፣ በማግኔት እየሳበች ከእጢው ታደርሳታለች» አለ። ስባሪዋ ሰፌዱ ላይ እንደ ጉንዳን ስትሄድ ጥሩሸዋ ሦስት ጊዜ አማተበች።

«አምጣ ልሞክር» አልኩት። ሰፌዱ መሀል አንዲት የገብስ ፍሬ አስቀመጠና «እሷ ጋ አድርሻት» አለኝ። ወይ ጉድ! ቀስ ስል አልነቃነቅ ትላለች፣ ስቸኩል ዘላ ከሰፌዱ ትወርዳለች። እጄ ተንቀጠቀጠ። ጥሩሸዋ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ስጪኝ ወዲህ» ብላ ነጠቀችኝ። ቀስ እያለች፣ ስለ በጎቿ እያወራች፣ ከፍሬው ሥር አደረሰቻት። «አንቺ እኮ ገብሷን የራስሽን ጭንቅላት አድርገሻት ነው። እኔ ለገብስ ምን ገዶኝ!» አለች። ቀጥላም «ያኔ በእየሩስ ዓይንም እንዲሁ ነበርሽ» አለችኝ።

አንቺ አታስታውሺውም፣ ገና ጡት መጣልሽ ነበር። ውቂያ ላይ የገብስ እብቅ ዓይንሽ ገባ። በነጠላዬ ጫፍ ላወጣው ስል አንቺ ትጮኺያለሽ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ እብቁ ይብሱን ገባ። ያን ጊዜ ከጥሩሸዋ ጋር በበግ ሰበብ ተኳርፈን ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ገፋ አደረገችኝ፣ ራስሽን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ የዓይንሽን ቆብ ገለበጠችና በምላሷ ጫፍ ጠርጋ አወጣችው። ዝንፍ አላለችም። ከእኔ በልጣ አይደለም፤ ልጇ ስላልነበርሽ ነው። እኔ የቻልኩት እግርሽን መያዝ ብቻ ነበር። ሁለቱንም እግርሽን ይዤ «አለሁ፣ እናትሽ አለሁ» እላለሁ። ጥሩሸዋ እንደምትለው፣ ዝም ያልሽው እብቁ ሲወጣ አይደለም፤ እግርሽን ስይዝሽ ነው።

አሁን ገባኝ፣ የኔ ልጅ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች እናት ያላቸው ናቸው። አንቺ ብትነጂው እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ክፉ ቢመጣ ደግሞ ዕድሜ ልክሽን እጅሽን እያየሽ ልትኖሪ ነው። ያንንማ አልፈቅድም። ለባልደረባሽ ስጪኝ፤ ለእሷ የገብስ ፍሬ ልሁንላት።

ብረቱን ፈትቻለሁ። የጥሩሸዋ ልጅ ሰብሊ ወንድ ወልዳለች፤ የማጭዷን ስባሪ ለእሷ ሰጠኋት። ነርስ ናትና «እትዬ ደግሞ፣ በዚህ ዘመን?» ብላ ሳቀችብኝ። ዞር ስል ግን ትራሷ ሥር ስትከታት አየኋት። ማክሰኞ ታዲዮስ አዲስ አበባ ይወስደኛል፤ ምርመራውን ጨርሼ ወዳንቺ እመጣለሁ። የባልደረባሽን ስም ላኪልኝ። የክርስትና ስም ባይኖራትም ባላት ስም እንዲጸልዩላት ለነፍስ አባቴ እነግራቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አፈር ስሆን ጠይቂልኝ። እኔ ስተኛ አንቺ የት ትቆሚያለሽ? «ከመስታወት ጀርባ» እንዳትዪኝ። ማግኔቱ የሚፈልገው ራሴን ነው፤ እግሬ ለማንም አያስፈልግም። አንቺም ያለሽን ብረት ሁሉ ፍቺና እግሬ ሥር ቁሚልኝ።

መድኃኔዓለም የምትነዳዋን እጅ ያጽና። አንቺንም ከክፉ ይሰውርሽ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

እናትሽ ወለተኪዳን

ይህንንም አትርሺ፤ እዚያ ካልሲ አድርጊ ቢሉኝ አላደርግም። ስድስት ዓመት ያልነካኝ እጅ ነው፤ ሲይዘኝ ያንቺ መሆኑን ማወቅ እፈልጋለሁ።